የፊት ጎማዎቹን ማን ቆለፋቸው?

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ሹፌርነቱንም ጥገናውንም ያስተማረኝ የለም፣ ፈትቼ ገጥሜ ነው የለመድኩት፣ ስለዚህ መኪና ላይ ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም ባይ ነበርኩ። እመኑኝ፣ ዛሬም እንዲያ ብል ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ ነው፣ ከመተማ ወዲህ ካለ የሰሊጥ እርሻ አንድ ሕመምተኛ ሸሕዲ ሐኪም ቤት እንዳደርስ ታዘዝኩ። ሰውየው ከጎጃም ለአረም የመጣ ነው፣ ወባው አናቱ ላይ ወጥቶ መናገር አቁሟል፣ ከፒካፑ ኋላ አስተኝተን ላስቲክ አለበስነው፣ ታላቅ ወንድሙ አያ ሙሉ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎለት ተቀመጠ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ኮር ደረስን፣ ኮር የምንለው በጋ ደርቆ ክረምት የሚሞላውን ወንዝ ነው፣ ውሃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ክፉው ከሥሩ ያለው ጥቁር ዋልካ ነው። አያ ሙሉ ዱላውን ይዞ ወረደ፣ እንደ ልማዳችን በባዶ እግሩ ጭቃውን እየረገጠ መንገድ መርቶኝ ማዶ ተሻገረ። እኔም አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ፎርዊል ከባድ ማርሽ ላይ አድርጌ፣ በአንደኛ፣ ነዳጅ ሳልጨምር ተከተልኩት። መሃል ስደርስ የኋላ ጎማዎቹ ባዶ ዞሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ወደ ፊት ወደ ኋላ ብል አልሆነም።

«ምነው ሹፌር!» አለ ከማዶ፣ «የኛ አገር በሬ እንኳ በአራቱም እግሩ ነው የሚወጣ!»

ክው አልኩ። የዚች አሮጌ መኪና የፊት ጎማዎች መሃላቸው ላይ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዛቸው መቆለፊያ አላቸው፣ ወርደው በእጅ ካላዞሩት ማርሹ ብቻውን ከንቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ጠዋት በጠጠሩ መንገድ ስመጣ ፈትቼው በጥድፊያ ሳልቆልፈው ወጥቻለሁ።

በሩን ልከፍት ስል በቀኝ በኩል «ቀጭ» አለ። ቀጥሎ በግራ፣ ከእግሬ ሥር ማለት ይቻላል፣ «ቀጭ»። በመስኮት አንገቴን አወጣሁ፣ ድፍርስ ውሃ ብቻ ነው። ከዚያ ከኋላ ቦዲው ሁለት ጊዜ ተመታ፣ በእኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ «ሂድ» ማለት ነው። አያ ሙሉ ፊት ለፊቴ ማዶ ቆሟል። ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፣ የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ነክሰው ጎትተው አወጡን።

አያ ሙሉ ላስቲኩን ገለጠና ዱላውን ጣለ። ወንድሙ አርፏል።

እኔ ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ ያየሁት እግሩን ነው። ጭቃ ቢኖርበት በዚያ ትኩሳት ወርዶ የእኔን ስሕተት ሲያርም ሞተ ማለት ነው። ንጹሕ ነው፣ ተረከዙ እንኳ ደረቅ። መቆለፊያዎቹን ዳሰስኳቸው፣ ሁለቱም ጥግ ድረስ ዞረዋል።

ሸሕዲ ሬሳውን ስናወርድ አያ ሙሉ እጄን ያዘኝ።

«ጥዬው ወረድኩ» አለኝ፣ «ብቻውን ነው የሞተው። እስቲ በማርያም፣ ድምፅ ሰምተሃል?»

«አልሰማሁም፣ አያ» አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ብነግረው ኖሮ የቱ ይብስበት እንደነበር፣ ወንድሙ ነፍሱ ሳትወጣ እየመታ ጠርቶት ነበር ማለት፣ ወይስ እሱ በሌለበት አጠገቡ ሌላ ነበር ማለት፣ ይኸው እስካሁን አላውቅም።