ምላስ የማይለየው ኬክ

የሕፃናት ሆስፒታሉ ጋጋሪ ከአፉ የሚወጣው ጉራ ከምድጃው ከሚወጣው እንፋሎት ይበልጥ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ አልነበረም፤ ራሱ ለራሱ ያወጣውን «እጀ ወርቅ»ን ግን ከበር ጠባቂው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ቀን የጋገረው ዳቦ ሽታ ከግቢው ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ስላቆመ ትራፊክ ፖሊስ ተጠርቷል። ሌላ ቀን ደግሞ ለአንድ ወር እህል አልቀምስም ያለ ሕፃን የእሱን ብስኩት አይቶ ከነማሸጊያው ሊውጠው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ማፈር የሚባለውን ነገር ከየት ያውቀዋል? አያውቀውም ነበር። ያወቀው በሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ በአንዲት ሴት የተነሣ ነው፤ ሲያውቀውም ለአንድ መንደር ሕዝብ የሚበቃ ሐፍረት ባንድ ጊዜ ነው የወረደበት።

ሴትዮዋ የአለርጂ ክፍሉ ሐኪም ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትራመድ ወለሉን ላለመቀስቀስ የምትጠነቀቅ የምትመስል። ሥራዋ የትኛው ምግብ፣ የትኛው መድኃኒት የትኛውን ልጅ እንደሚጎዳ መለየት ነው፤ የማይጎዳውንም እንዲሁ። «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ የረባ መድኃኒት የተከለከለን ልጅ በጥንቃቄ ፈትና፣ ያቺን ቃል ከካርዱ ላይ ስትሰርዛት እናቱ እልል ስትል ሦስት ፎቅ ሰምቷል።

አንድ ቀን ወጥ ቤት ወረደች።

«ለአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት ኬክ እፈልጋለሁ» አለችው። «አንዱ ውስጥ የኦቾሎኒ ዱቄት አለ፣ አንዱ ውስጥ የለም። በመልክም፣ በሽታም፣ በጣዕምም እንዳይለዩ አድርገው መሥራት ይችላሉ?»

«ይችላሉ ወይ? ዶክተር፣ እንዲህ ተብዬ ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ይችላሉ ማለት ነው?»

«እንኳን ልጅቷ፣ ኦቾሎኒውን ያበቀለው ገበሬ ቢመጣ አይለየውም። በዓለም ላይ ይህን የሚለይ ምላስ አልተፈጠረም።»

አልሳቀችም። የከንፈሯ ጫፍ ብቻ ትንሽ ከፍ አለ። እጀ ወርቅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለአሥራ አምስት ቀን ጨውና ስኳር ተምታቱበት።

ነገሩን አስረዳችው። ልጅቷን ሚጣ ነው የሚሏት። በሦስት ዓመቷ የጎረቤት ልደት ላይ ብስኩት በልታ ከንፈሯ አብጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊ እናቷ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ብቻ እየሰጠች ነው ያሳደገቻት። የቆዳ ምርመራው አዎም አይደለምም አይልም። ልጅቷ ደግሞ ከመፍራቷ የተነሣ የኦቾሎኒ ሥዕል ብታይ እንኳ አንገቷ ላይ ሽፍ ይልባታል። ስለዚህ እየበላች መሆኑን ሳታውቅ፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ በጥቂት በጥቂቱ መቅመስ አለባት። አንድ ቀን አንደኛውን ኬክ፣ በሳምንቱ ሌላኛውን።

«የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚቀርብ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት» አለችው። «ይጽፉና ፖስታ ውስጥ ያሽጉታል። ሁለቱም ቀን ሲያልቅ እንከፍተዋለን።»

«እርስዎ እንኳ አያውቁም?»

«ካወቅሁ ፊቴ ይናገራል። ሚጣ ፊት ማንበብ የተማረችው ከፊደል በፊት ነው።»

በፈተናው ቀን ማለዳ እጀ ወርቅ ሚጣ ከምትበላው ሩዝና ሙዝ የተሠራ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሊጥ ደርድሮ፣ ሐኪሟ በግራም መዝና የሰጠችውን የኦቾሎኒ ዱቄት ፈትቶ ቆሟል። በዚህ መሃል ምግብ ማውጫው መስኮት ተንኳኳ። እሷ ናት።

«ደኅና አደሩ? እንዲሁ ነው... ሻይ ካለ ብዬ።»

ሻይ ካለ? ሰውዬው ባሕር ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ በፈላ ነበር። ቀዳላትና ማውራት ጀመረ። ለአንድ ሠርግ ስለጋገረው፣ ሙሽሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፉ ለመድረስ ታክሲ ስለያዙበት ኬክ ነገራት። «ታክሲው ሒሳብ ጨመረባቸው?» ስትለው «እንዴ፣ የመልስ ጉዞማ አለበት!» አላት። ሳቀች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየው። ዓይኗ ዓይኑ ላይ አረፈና፣ ሁለቱም ማንሣት የረሱት ይመስል፣ እዚያው ቆየ። እጁ ግን ሥራ ለምዷል፤ ሳያየው ዱቄቱን ጨመረ፣ አማሰለ፣ ሳህኖቹንም ገፋ ገፋ አድርጎ ለምድጃው ቦታ ለቀቀ።

ሄደች። ዞረ። ሁለት ሳህን፤ አንድ ባዶ ወረቀት።

የትኛው ነው?

አሸተተ። ቀመሰ። አፉን ተጉመጥምጦ እንደገና ቀመሰ። ካካዎው፣ ቫኒላው፣ የተጠበሰው ሙዝ ሁሉንም ውጦታል። የዓለምን ምላስ ሁሉ አታልላለሁ ብሎ ፎክሮ ነበር፤ አታለለም፤ ከተታለሉት ውስጥ አንዱ የራሱ ሆነ እንጂ።

«ተምታታብኝ» ማለት ይችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሐኪሟ ዱቄት እንደገና ትመዝናለች፣ ፈተናው በአንድ ቀን ይዘገያል፣ አለቀ። ቃሏ ግን ከአፉ አልወጣችም። አሁን እንዲያ ከሳቀችለት በኋላ? «የቀኙ ይመስለኛል» አለ ለራሱ። የቀኙን ለመጀመሪያው ቀን ጋገረ፣ የግራውን ጋግሮ ለሳምንቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጠ። ወረቀቱ ላይ፦ «አንደኛ ቀን፣ ኦቾሎኒ ያለበት። ሁለተኛ ቀን፣ የሌለበት» ብሎ ጻፈና አሸገው።

በመጀመሪያው ቀን ሚጣ በየሃያ ደቂቃው እየጨመረች ኬኩን ጨረሰች። ሐኪሟ ከንፈሯን ታያለች፣ ትንፋሿን ትቆጥራለች። እናቷ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ምንም አልሆነችም። እጀ ወርቅ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ። ያን ሳምንት ሐኪሟ ሦስት ጊዜ መስኮቱ ላይ መጣች፤ እሱም ሦስቱንም ጊዜ ሲያወራ ዓይኑን ከዓይኗ ያሸሽ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አራተኛው ማንኪያ ላይ ሚጣ አንገቷን አከከች። አገጯ ሥር አራት አምስት ቀያይ እባጮች ወጡ። አንዴ ሳለች። ሐኪሟ ኬኩን አስቁማ ሽሮፕ ሰጠቻት፤ ሽፍታው ከባሰ የሚወጋውን መርፌም አዘጋጅታ አጠገቧ ተቀመጠች። መርፌው ሳያስፈልግ በአንድ ሰዓት ውስጥ እባጩ ሟሸሸ።

ፖስታው ተከፈተ።

«ሁለተኛ ቀን፣ የሌለበት» ብላ ሐኪሟ አነበበች። ፊቷ በራ። «ኦቾሎኒውን በመጀመሪያው ቀን ጨርሳው ምንም አልሆነችም ማለት ነው። የዛሬው የፍርሃት ነው፤ ድሮም እንዲህ ያደርጋታል። እህቴ፣ ልጅሽ ደኅና ናት!»

እናትየዋ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አራት ዓመት ሙሉ የያዘችውን ለቅሶ ለቀቀችው። «እማ፣ ልደት መሄድ እችላለሁ?» አለች ሚጣ። «የፈለግሽበት ትሄጃለሽ የኔ እናት! የፈለግሽውን ትበያለሽ!» ነርሶቹ ለእጀ ወርቅ አጨበጨቡ። ሐኪሟ እጅጌውን ያዝ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ ምሳ ቤቴ ና» አለችው። «ይምጡ» አላለችም፤ «ና» አለችው።

ሲመኘው የኖረው ሁሉ በአንድ ደቂቃ እጁ ገባ። የታየው ግን የልጅቷ አገጭ ብቻ ነው። ፍርሃት ያመጣው ሽፍታ እንዲያ ያብጣል? ኦቾሎኒው የገባው የግራው ሳህን ውስጥ ይሆን?

ወጥ ቤት ወርዶ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። ከዚያ ሽርጡን ሳይፈታ ደረጃውን አራት አራቱን እየዘለለ ወጣ። በዚያ ግቢ እንዲህ ሲሮጥ የታየ ሰው የለም፤ አምቡላንስ እንኳ መንገድ ለቆለታል።

እናትና ልጅ ከበሩ ማዶ ኪዮስክ ላይ ነበሩ። ሚጣ የኦቾሎኒ ብስኩት ይዛ ማሸጊያውን በጥርሷ ትቀድዳለች። ከእጇ ነጠቃት።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?» አለች እናቷ ደንግጣ።

«እንዳትበላ። እኔ... አላውቅም።»

«ምኑን ነው የማታውቀው?»

«የትኛው ኬክ እንደነበረ። ሊጡ ተምታታብኝ። ለመናገር አፈርኩና ገምቼ ጻፍኩ።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለው ነበር። «ልጄን በግምት?» አለች ብቻ። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። ሚጣ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው፤ ፊት ማንበብ የምታውቅ ልጅ ናትና ሁሉንም አነበበችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ በገባ ነበር፤ መሬትም እምቢ አለችው።

በሐኪሟ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። አንድም ቃል ሳይጨምር ሲያወራ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። እሷ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወረቀት ስባ መጻፍ ጀመረች። ብዕሯ ሲፋተግ ይሰማዋል።

«ስንብቴን ነው?» አላት።

«ሪፖርት ነው። ላንብብልህ?» ድምጿ ደርቋል። «ጋጋሪው ዱቄቱን የቀላቀለበትን ሳህን ባለማወቁ በግምት ጽፏል። ሐኪሟ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ታዋራው ነበር። በደንቡ መሠረት እዚያ መገኘት አልነበረባትም። የመጣችውም ለሥራ አልነበረም።»

«ሻይ ሊጠጡ እኮ ነው የመጡት ዶክተር። ይህ ምን ጥፋት አለው?»

«ሻይ አልወድም።»

ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። እጀ ወርቅ እስከዚያ ቀን ድረስ በሴት ሲወደድ እንዲህ ያለ ኀዘን የሚሰማው አይመስለውም ነበር።

«እኔም አፍሬያለሁ» አለች ወረቀቱን እያጠፈች። «አገጯን አይቼ የፖስታውን ቃል አመንኩ፤ ካንተ ስለመጣ። ዛሬ ላይህ አልችልም። ውጣልኝ።»

ወጣ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ከምድጃው ተነሥቶ ድንች መላጥ ላይ ተመደበ። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ድንቹ እንኳ ጉራ አልነዛም። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ታመመ ብለው ተጨነቁ፤ «ኧረ አንድ ውሸት ንገረን፣ ይሻልሃል» ይሉታል። እሱ ድንቹን ይልጣል።

ፈተናው እንደ አዲስ ተደገመ። ኬኩን የሠራችው ሌላ ጋጋሪ ናት፤ በየሳህኑ ላይ ምልክት ለጥፋ፣ ምስክር አቁማ። ኦቾሎኒው በነበረበት ቀን ሚጣ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ አበጠች፣ ትንፋሽ አጠራት፤ ሐኪሟ ጭኗ ላይ መርፌውን ወጋቻት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሟ ተመለሰ። ነገሩ ተለየ። የሚጎዳት ኦቾሎኒ ነው። ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ስንዴው፣ ያለ ኃጢአታቸው የተከለከሉት ሁሉ፣ አንድ ባንድ ተፈትነው ነፃ ወጡ። እናቷ መርፌውን መውጋት ተምራ፣ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱን ለሚጣ አስተማሪ ይዛ ሄደች።

የመጨረሻው ቀን እጀ ወርቅ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቃቸው።

«አንተ ነህ የረሳኸው?» አለችው ሚጣ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔም እረሳለሁ። ደብተሬን ሦስቴ ረስቻለሁ። ግን ለቲቸር እነግራታለሁ።»

«ጎበዝ ነሽ። እኔ አልነገርኩም።»

እናቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ሮጠህ ባትደርስ ኖሮ...» ብላ አልጨረሰችውም። «ነገሩ ገና ከልቤ አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ መጥቼ እነግርሃለሁ።» እጇን ግን ሰጠችው፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሐኪሟ ድንች ልጣጩ ክምር አጠገብ መጥታ ቆመች። ለሁለት ወር ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሰላምታዋ እንደ መድኃኒት ትእዛዝ አጭር ነበር።

«ቅዳሜ ምሳ» አለች። «ምንም ይዘህ እንዳትመጣ። የማበስለው እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ በቀትር፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባዶ እጁን ከደጇ ደረሰ። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ ከመጻሕፍቱ በቀር የተዝረከረከ የለም። ሩዝና የድንች ወጥ አቀረበችለት። ትይዩው ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ተማሪ ፈተናዋን እንደምትጠብቅ ጠበቀች።

ጎረሰ።

«እንዴት ነው?»

የዕድሜ ልክ ቃላቱ ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ከአፉ ደጅ ተደረደሩ። ከንጉሥ ማእድ ይበልጣል የሚለው አለ፤ እጅሽን በመስተዋት ውስጥ አስገብቶ ማስቀመጥ ነው የሚለው አለ። ፊቷን አየ። ያቺ ሐኪም ፊቱን እያነበበች ነው።

«ሩዙ ጥሬ ነው» አለ። ዋጠና ቀጠለ። «ድንቹ ደግሞ አሯል።»

እሷ ቀላች፤ እሱም ቀላ።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። በጣም አሯል።»

ማንኪያዋን አንሥታ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች፤ አፏን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ ተነሥታ የእሱን ሳህን ከፊቱ አነሣች፣ ሩዙን ድስቱ ውስጥ መለሰችው፣ ከምድጃው ፊት ቆማም ዞር ብላ አየችው።

«ምን ትጠብቃለህ? ና አሳየኝ እንጂ።»

ተነሣ። ስኒ ሙሉ ውሃ ለክታ እንድትጨምር ነገራት፤ ጨመረች። ክዳኑን ከደነ። ትከሻቸው ተነካካ፤ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ሁለቱም እንዳፈሩ፣ አንገታቸውን እንደ ደፉ፣ ውሃው እስኪፈላ ድረስ ድስቱን እያዩ ቆሙ።