«ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል»

የዚያች የደሴት ከተማ ሰው ጠዋት ዓይኑን የሚገልጠው በሬዲዮ ነው። ጣቢያው ከጀልባ ማረፊያው ከፍ ብላ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ፣ ጣሪያዋ ሲዘንብ የሚያፈስ። ከዚያ ስለ ጠፋ ፍየል፣ ስለ ተወለደ ልጅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ባሕሩ ይወራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ስታነብ የኖረችው ሰው «የማለዳዋ» የሚላት ወጣት ነበረች። ባሏ እዚያው የቴክኒክ ሠራተኛ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ ልባቸውን የታመሙ፣ ከአልጋ የማይወርዱ ባልቴት ናቸው፤ ምግባቸውም መድኃኒታቸውም የልጃቸው ድምፅ ነበር።

ምን ያደርጋል... የማለዳዋ በሦስት ቀን ትኩሳት ተቀጠፈች። ሐኪሙ ባልየውን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «ይህን መርዶ የእናትየው ልብ አይችለውም» አለው። ታዲያ ምን ያድርግ? አንዷን ቀብሮ ሳይመለስ ሌላዋን ይቅበር? የከተማው ሰው ተመካከረና አፉን ያዘ፤ ለቅሶው በሹክሹክታ ሆነ። ባልየው ለእናትየው፣ «ማዶ ወዳለው ትልቁ ጣቢያ ተዛውራለች፤ የምታነበው ከዚያ ነው» አላቸው፤ ከዚያም በየማለዳው የድሮ ካሴቶቿን እየፈለገ ማሰማት ያዘ። ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ድምጿ ሳቅ ሳቅ ስለሚለው፣ ሁልጊዜ የሚመርጠው የእነዚያን ቀናት ካሴት ነበር። ለእናትየው ብሎ ነው? ወይስ ለራሱ? እግዜር ይወቅ። ብቻ ካሴቱ ሲዞር ዓይኑን ጨፍኖ ባዶ ወንበሯን ደገፍ ይል ነበር።

ዓሣ አጥማጆቹ ነገሩን ያውቃሉ። መጀመሪያ የሟቿ ድምፅ ያልፋል፤ ቀጥሎ ባልየው የዕለቱን እውነተኛ ወሬ ያነባል፤ ጀልባ የሚፈታው ያኔ ነው። እናትየው ግን ልጃቸው እንደጨረሰች ሬዲዮውን ይዘጉታል። «የሱን ጎርናና ድምፅ ደግሞ ማን ይሰማል? እቤት የምሰማው ይበቃኛል» እያሉ ይስቁ ነበር።

የማለዳዋ ታናሽ ወንድም ሦስት ዓመት በሩቅ መርከብ ላይ ሲሠራ ቆይቶ የመጣው ባልታሰበ ቀን፣ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤት ባስገባበት አመሻሽ ነው። ባልየው ማሽኖቹ እንዳይረጥቡ ሲል ያን ዕለት ጣቢያው አደረ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እናትየው እህቱ ማዶ መዛወሯን ነገሩት። ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አብረው ሬዲዮ ከፈቱ።

«እንደምን አደራችሁ ወገኖቼ! ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል፤ ጀልባችሁን ፍቱ» አለች ሟቿ እየሳቀች።

«አይ እህቴ፣ ድምጿ ቅንጣት አልተለወጠም» አለ ልጁ። «እማዬ፣ በአባዬ ጀልባ ወጣ ብዬ ትኩስ ዓሣ ላምጣልሽ።»

«ሂድ ልጄ። እሷ ጸጥ ብሏል ካለች ጸጥ ብሏል» አሉና እናትየው ሬዲዮውን ዘጉት።

ጎርናናው ድምፅ በየቤቱ፣ «ረፋዱ ላይ ኃይለኛ ማዕበል ስለሚነሣ አንድም ጀልባ እንዳይወጣ» ሲል ልጁ ወደ ጀልባው እየወረደ ነበር። መምጣቱን የሰማ የለም፤ ሲሄድም ያየው የለም።

ማዕበሉ ሲበርድ አስከሬኑን ዓሣ አጥማጆቹ አወጡት። ባልየው እናትየው እግር ሥር ተደፍቶ ሁለቱን መርዶ ባንድ አፍ ነገራቸው። ሐኪሙ አይችልም ያለው ልብ ቻለ። ምነው ባልቻለ ኖሮ! «የሷን ነግረኸኝ ቢሆን እሱ ይተርፈኝ ነበር» አሉት።

ካሴቶቹን ሊያቃጥል ሲነሣ ግን እጁን ያዙት። «ተው ልጄ። ይልቅ እኔን ወደዚያ ውሰደኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው አዝሎ ያደርሳቸዋል። በልጃቸው ወንበር ተቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ ቆዩ። ከእኔ ቀጥሎ የሚናገረውን ሳትሰሙ እንዳትወጡ» ይላሉ። ማይክሮፎኑን ለአማቻቸው ያቀብሉና እስኪጨርስ ሲያዳምጡት ይቆያሉ።

ወይ የሰው ዕጣ... በዚያ ቤት ክፉ ያሰበ ማን ነበር? ሁሉም ያዘነ፣ ሁሉም የራራ ነበር። ካሴቶቹ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አሉ፤ የሚነካቸው የለም። ባሕሩ እንደ ወተት በተኛበት ቀን እንኳ ባልየው «መውጣት ይቻላል» ብቻ ይላል። ጸጥ ብሏል አይልም።