ከሰማኸኝ እጄን ጨበጥ አድርግ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ የያዝኩትን ነገር አልክድም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው... ልክ እኩለ ቀን ላይ። መብራት አልጠፋም። ንፋስ አላፏጨም። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ነበር።

አስቀድሜ ሥራዬን ልንገራችሁ። እሱ ካልገባችሁ ሌላው አይገባችሁም።

ከባድ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በሚታከሙበት ክፍል ውስጥ ለአንድ ጥናት እሠራለሁ። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ማደንዘዣ እንደ ልብ አይሰጠውም። ከበዛበት ልቡ ይቆማል። ስለዚህ በትንሹ ያስተኙትና ጡንቻን በድን የሚያደርግ መድኃኒት ይጨምሩበታል።

ያ መድኃኒት ከገባ በኋላ ሰውየው ቢነቃ እንኳ... ዓይኑን መግለጥ አይችልም። መጮህ አይችልም። ምላጩ እየተሰማው ጸጥ ብሎ ይተኛል።

ጥናታችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ስንቱ ነቅቶ ኖሯል?

ዘዴው ቀላል ነው። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት፣ የደም ግፊት ሲለካ የሚጠቀለለውን ዓይነት ማሰሪያ በአንድ ክንዱ ላይ አስረን በአየር እንነፋዋለን። ደም ስለማያልፍ መድኃኒቱ እዚያ እጅ አይደርስም። መላ አካላቱ በድን ሲሆን ያቺ አንድ እጅ ብቻ ለባለቤቷ ትታዘዛለች።

እኔ በሽተኛው ላይ ከሚዘረጋው አረንጓዴ ሸራ ሥር በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ያንን እጅ እይዛለሁ። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬም እጠይቃለሁ...

"ከሰማኸኝ እጄን ጨበጥ አድርግ።"

ከጨበጠኝ ሰምቷል። ካመመው ሁለት ጊዜ ይጨብጣል። ዝም ካለ ተኝቷል።

ቀዶ ሐኪሙ በዚህ ያሾፍብኛል። "ሰው በሽተኛ የሚጠይቀው ሲነቃ ነው። አንቺ አስተኝተሽ ነው የምትጠይቂው!" ይላል። ስሜም "ጠያቂዋ" ሆኖ ቀረ። ማደንዘዣ የምትሰጠዋን ጓደኛዬን ደግሞ "እንቅልፌ" እንላታለን።

በዚያ ቀን ያመጡልን በእኔ ዕድሜ ያለ ግንበኛ ነበር። የሚሠሩት ሕንጻ ተደርምሶበታል። ከንፈሩ ነጭ፣ ሆዱ የተነፋ።

"ሌላስ ሰው አለ?" አለ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ።

"ማንም የለም። ሁሉም ወጥቷል" አለ ያመጣው የአምቡላንስ ሹፌር። "ፍለጋው ቆሟል። ከምሳ በኋላ ማሽን ገብቶ ፍርስራሹን ይጠርገዋል።"

ይህን ብሎ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

ማሰሪያውን አሰርኩ። ነፋሁት። እንቅልፌ መድኃኒቱን ሰጠች። ሐኪሙ ሆዱን ከፈተ።

እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ጊዜ ጠግነው አይጨርሱትም። ደም የሚተፋውን ቦታ በፋሻ ይጠቀጥቁታል። ሆዱን ለጊዜው ይሸፍኑታል። ሰውነቱ ሲሞቅና ነፍስ ሲዘራ ተመልሰው ይገቡበታል። ሐኪሙም ይህንኑ ሊያደርግ እስከ ክርኑ ሰምጧል።

"ከሰማኸኝ እጄን ጨበጥ አድርግ።"

ዝም።

ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ።

ዝም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ...

ጨበጠኝ።

አልደነገጥኩም። ከዚያ በፊትም የጨበጡኝ ነበሩ። ያለ ማጋነን፣ ያለ መቸኮል መመዝገብ ነው ሥራዬ።

"ካመመህ ሁለት ጊዜ።"

አንዴ...

ሁለቴ።

"እንቅልፌ" አልኩ በሹክሹክታ። "ነቅቷል። ያመዋል።"

"አይሆንም። የአንጎሉን ሞገድ እያየሁት ነው። ጭልጥ ብሎ ተኝቷል።"

"ጨበጠኝ እኮ እልሻለሁ!"

"እሺ የኔ እህት... እሺ።" ጥቂት ማደንዘዣ ጨመረችለት። የደም ግፊቱ ወዲያው አሽቆለቆለ።

"ማነው የሚነካካው?" አለ ሐኪሙ ከሸራው ወዲያ። "ልትገድሉብኝ ነው?"

እንደገና ጠየቅኩ።

ሁለት ጊዜ ጨበጠኝ። አሁን ጠንከር አድርጎ።

ያኔ ነው ዓይኔን ወደ እጁ ያወረድኩት። አንድ ነገር ልክ አልነበረም...

ጣቶቹ አልታጠፉም።

ጥብቅ አድርጎ የያዘኝ ነገር አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። የግንበኛው ጣቶች ግን መዳፌ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝርግት ብለዋል።

ዓይኔን ወደ ማሰሪያው ወሰድኩ።

ልሙጥ ሆኗል። አየር የለውም። ከመንፊያው የሚመጣው ጎማ ተነቅሎ ጫፉ ወለሉ ላይ ወድቋል። በሽተኛውን ጠረጴዛው ላይ ስናስተካክል በጎማው ላይ የቆመ እግር ነቅሎት ይሆናል። እንግዲያው መድኃኒቱ ወደዚህ እጅ ከገባ ቆይቷል ማለት ነው።

ይህ እጅ መንቀሳቀስ አይችልም።

እንቅልፌ ነገሩ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። ነርቭን በቀላል ኤሌክትሪክ የምትነካበትን መሣሪያዋን አወጣች። ጤነኛ ጣት ከሆነ በዚያች መሣሪያ ይዘላል። አንጓው ላይ አደረገችው።

ጣቱ ውልፍት አላለም።

ደገመችው።

ምንም።

"አየሽ?" አለች። "በድን ነው። የጨበጠሽ ነገር የለ..."

እሷ እየተናገረች ጨበጠኝ።

እጄን ልስብ ስል አልለቅም አለኝ። ብድግ ልል ስል ትከሻዬ ሸራውን ከያዘው ሽቦ ጋር ተላተመ። ከኋላዬ መተንፈሻ ማሽኑ፣ ከጎኔ የተከፈተ ሰው፣ እጄ ደግሞ... እጄ የእኔ አይደለችም። ብጎትት ሰውየው ተናውጦ በሌላው ክንዱ ላይ ያለው መርፌ ይነቀላል፤ ሰውየው ይሞታል። ባልጎትት...

ያቺ ክፍል የአምስት ሰው መላወሻ አላት። ለእኔ ግን በዚያች ቅጽበት ከመቃብር ጠበበችብኝ።

ስፈራ መሥራት እንጂ ማሰብ አይሆንልኝም። ስለዚህ ሥራዬን ሠራሁ። ጠየቅኩ።

"ግንበኛው ነህ?"

ዝም።

"እዚህ ክፍል ውስጥ ነህ?"

ዝም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"የሆነ ነገር ተጭኖሃል?"

ጣቶቼ ሊሰበሩ ደረሱ።

"ሹፌሩን ጥሪልኝ!" አልኩ።

"ጠያቂዋ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?" አለ ሐኪሙ።

"ዶክተር፣ እባክዎ... ሹፌሩን ብቻ። ከፍርስራሹ ሥር ሰው አለ።"

"ማን ነገረሽ?"

ወደ እንቅልፌ ዞርኩ። እንቅልፌ ዓይኔን አየች። ከዚያ በሩን በክርኗ ገፋች። ሹፌሩ አንገቱን አስገባ።

"ፍርስራሹ ምን ምን ክፍል አለው? አንድ በአንድ ንገረኝ።"

"ኧረ ምን ሆናችኋል?"

"ንገረኝ አልኩህ!"

"የፊት ግድግዳው..."

ዝም።

"የሲሚንቶ መጋዘኑ..."

ዝም።

"የኋላ ደረጃው..."

ጨበጠኝ። ጨበጠኝና አልለቀቀኝም።

"ከደረጃው ሥር" አልኩ። "ነፍስ አለው። ደውል። ማሽኑ እንዳይገባ!"

ሹፌሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተከፈተውን ሆድ አየ። እብድ እንዳልሆንኩ ለማረጋገጥ ይመስላል ወደ እንቅልፌም ዞረ። እንቅልፌ አገጯን ነቀነቀችለት።

"ውሸት ከሆነ መሳቂያ መሆኔ ነው" ብሎ ስልኩን አወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ መለካት አልችልም። ሐኪሙ ጠቅጥቆ ጨረሰ። ደሙ ቆመ። እኔ ግን እዚያው ነኝ። በጠየቅኩ ቁጥር አያያዙ እየላላ ይሄዳል። መጠየቄን ካቆምኩ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። "ከሰማኸኝ..." እላለሁ። እንደ ላባ ይነካኛል። "ከሰማኸኝ..."

ከዚያ በአንድ ጊዜ ለቀቀኝ።

በሩ ላይ የሹፌሩ ድምፅ ተሰማ። "አወጧት! አሁን ድንጋዩን አነሱላት! ሴት ናት... በሕይወት አለች!"

ጓንቴን አወለቅኩ። ከውስጡ፣ ከእጄና ከጓንቱ መሃል፣ ደቃቅ የሲሚንቶ አቧራ ፈሰሰ።

ግንበኛውን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ካሻገርን በኋላ ልጅቷን ወደ እኛው አመጧት። በዚያው ጠዋት ሥራ የጀመረች የቀን ሠራተኛ ናት። ገና ማንም ስሟን አልጠየቃትም ነበር፤ ስለዚህም ማንም ጎደለች አላለም። እግሯ ተጨፍልቋል እንጂ ልቧ ደህና ነው።

ወደ ጠረጴዛው ስንወስዳት ሐኪሙ በጎኔ አለፈ። በነገሩ አልቀለደም። ዓይኔንም አላየም።

ማሰሪያውን ይዤ ጎንበስ አልኩ። "አይዞሽ፣ ትንሽ ጠበቅ ያደርግሻል" አልኳት።

ዓይኗን ገለጠች።

"አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"ምን?"

"ስትጠይቂኝ የነበርሽው። 'ከሰማኸኝ' ስትይኝ ጊዜ ሰው ተሳስታለች ብዬ ነበር። ግን ይዘሽኛል... ጨበጥኩሽ።"

ከእንቅልፌ ጋር ተያየን።

ሥራዬን ልቀጥል ብዬ ወደ ግራ እጇ ዘረጋሁ። ከአንሶላው ሥር ጨብጣዋለች። ልገልጠው ስል ጮኸች።

"ይሄኛውን ተዪው!"

"ለምን እህቴ?"

"አንቺ የያዝሽኝ ቀኙን ነው።"

"ግራውንስ?"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሰው እንዳይሰማት የፈራች ትመስል ነበር።

"እንጃ። ከሥሬ ነበር። ከእኔም ሥር። ካወጡኝም በኋላ... አልለቀቀኝም።"

አንሶላውን ገለጥኩት።

እጇ ምንም አልያዘም። ጣቶቿ ግን የሌላ ሰው ጣት እንዳለበት ሁሉ መሃላቸው ክፍት ሆኖ ታጥፈዋል። በእጇ ጀርባ ላይ ቆዳዋ በአራት ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማንም ሳይነካት።

"ጠይቂው" አለችኝ። "አንቺ ታውቂበታለሽ።"

ወደ እጇ ጎንበስ አልኩ።

"ከሰማኸኝ... እጇን ጨበጥ አድርግ።"

አራቱ ጉድጓዶች ጠለቁ። አንጓዋ ነጭ ሆነ።

አንዴ...

ሁለቴ።

"ሹፌር!" ብዬ ጮህኩ። "ሌላ ሰው አለ! ማሽኑን አስቁመው!"

በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አያነሱም" አለ። "ልጅቷን ያመጡት እንደነገሩኝ፣ ሁሉም ወጣ ብለው... ማሽኑ ጀምሯል።"

ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

ግራ እጇ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ፣ ክንዷ እስከ ትከሻው ተወጥሮ፣ ቀስ... ቀስ እያለ ወደ ወለሉ እየተሳበ ነበር።