የክኒኑ ሰፈፍ

በ1994 ዓ.ም. ቡሬ ከተማ ውስጥ አነስተኛ መድኃኒት ቤት ነበረችኝ። ከደንበኞቼ አንዱ በአቅራቢያው ገጠር ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረ ሕይወት ነበሩ። አስም ነበረባቸው። ለዜማ መምህር ትንፋሽ ማለት እንጀራውም ክብሩም ነው። ሐኪም አንዴ ተውጦ ሌሊትና ቀን ቀስ እያለ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ክኒን አዘዘላቸው። ወረፋው ረጅም ስለነበር «ማታ ማታ አንድ፣ ይዋጣል» ብዬ ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ የገበያ ቀን ባለቤታቸው እማዋይሽ መጡ። ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ ያ ክኒን አይሟሟም። እንደተዋጠ ከዓይነ ምድር ጋር ወጣ። መሪጌታ በዓይናቸው አይተውታል።»

«እናቴ፣ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚፈልገውስ ማነው?» አልኩ ጮክ ብዬ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እማዋይሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «እንግዲያው ምን ይሻላል?»

«ይዋጡ ብያለሁ፣ ይዋጡ!» አልኩና ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

ልነግራቸው የሚገባኝ የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር። ክኒኑ የተሠራው ከጥጥና ከእንጨት በሚገኝ ሴሉሎስ በሚባል ነገር ነው። ሴሉሎሱ መድኃኒቱን በውስጡ ይይዘዋል። የጨጓራ አሲድ አይፈታውም፤ በአንጀት ሲያልፍ ግን መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። በመጨረሻ የሚወጣው ባዶው ነው፤ ማሩ ተጨምቆ ሰፈፉ እንደሚቀረው። የቡሬ ሰው ደግሞ ሰፈፍን ከእኔ በላይ ያውቃል።

ከአሥር ቀን በኋላ እማዋይሽ ጥቁር ለብሰው መጡ። ያን ቀን ወረፋ አልነበረም።

«ያልሠሩትን ላካክስ ብዬ ሦስት ክኒን በሙቀጫ ወቀጥኩና በውኃ በጥብጬ አጠጣኋቸው» አሉ። «አስመለሳቸው፤ ልባቸው ደረታቸውን ሊሰብር ደረሰ፤ ተንቀጠቀጡ። በቃሬዛ ይዘናቸው ስንመጣ መንገድ ላይ አረፉ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አይደሉም። እኔ ነኝ» አልኩ። ሲወቀጥ የሦስት ቀን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ደማቸው ውስጥ መግባቱን ነገርኳቸው። ስለ ሰፈፉም ነገርኳቸው።

«ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። «ያኔ ቢነግሩኝ ይገባኝ ነበር እኮ።»

የተረፉትን ክኒኖች በወረቀት እንደተጠቀለሉ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ወገኖቼ፣ ሳይነገራችሁ ክኒን አትውቀጡ፣ አትቁረሱ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ቢሳቅባችሁም ጠይቁ። ከባንኮኒ ኋላ የምንቆመው ደግሞ መድኃኒት ሰጥቶ ቃል መንሳት ግማሽ ሥራ ሳይሆን ግድያ መሆኑን እንወቅ።

እኔ ከዚያ ወዲህ ባንኮኒዬ ላይ ቁራጭ ሰፈፍ አኑሬ፣ ያን ክኒን ለሚወስድ ሁሉ አሳያለሁ። ሰው ወዲያው ይገባዋል። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያቃጥለው ይኸው ነው፤ ወዲያው መግባቱ።