ሹፌሩ የማን ልጅ ነው?

«ፍሬን የበጠሰ መኪና ከገደል አፍ መልሶ ሃያ ስምንት ሰው ያተረፈ ማን ነው?» አለ አስማረ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ። «ኮምፒውተር ነው? አይደለም። ሹፌር ካሣሁን ነው። የጽዮን አባት።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጽዮን የያዘችውን ወረቀት አጠፈች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሹፌር አልባ መኪና ይታመናል ወይስ አይታመንም?» ተብሎ ተጽፏል። ለእሷና ለጓደኛዋ ለየኔነሽ የደረሳቸው «ይታመናል» የሚለው ወገን ነው፤ ለአስማረ ደግሞ «አይታመንም» የሚለው። ያሸነፈ ደብረ ታቦር ሄዶ ይወዳደራል። ጽዮን ሦስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅታለች፤ ስለ ካሜራው፣ ስለ ሴንሰሩ፣ ሌላ አገር በሙከራ ላይ ስላሉት ታክሲዎች ያላነበበችው የለም። አስማረ ግን ያን ሁሉ ትቶ አባቷን ይዞባት መጣ።

«እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉ ከወላጅ ኮሚቴው መካከል መምሬ ዘካርያስ። «ይህች ሹፌር የሌላት መኪና የማን ልጅ ናት?»

ተማሪው ሳቀ። መምሬ ግን አልሳቁም። በስማዳ መንገድ መኪና የሚሳፈር ሽማግሌ አስቀድሞ «ሹፌሩ የማን ልጅ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካማረው ይወጣል፤ ካላማረው የነገውን መኪና ይጠብቃል። የካሣሁን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ባዶ ወንበር ይዞ ሄዶ የማያውቀውም ለዚህ ነው። ካሣሁን የታወቁት የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር፣ የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ ነው። የእሳቸው ልጅ ሰው ገደል አይከትም ይባላል።

«ብታጠፋስ ማንን ይዘን እንጠይቃለን?» ሲሉ ጨመሩ መምሬ።

የኔነሽ ወደ ጽዮን ጆሮ ጠጋ አለች። «ንገሪያቸው በቃ። ፍሬን ሳይሆን እንቅልፍ ነው በያቸው። አስማረ እዚሁ ያልቅለታል።»

ከቤተሰቡ ውጭ ይህን የምታውቅ የኔነሽ ብቻ ናት። አምና ጥቅምት ላይ ጽዮን ጋቢና ውስጥ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ዓይኖቹ ቀስ ብለው ሲከደኑ አየች። ስትጮኽ ነቃና መሪውን ጠመዘዘ፤ መኪናው ከተራራው ጥግ ጋር ተላትሞ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው «ፍሬን ነው አይደል?» አሉት። መሪውን እንደያዘ «ፍሬን ነው» አለ። በዚያው ጀግና ሆኖ ቀረ። አባትና ልጅ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንሥተው አያውቁም። እሱ ግን ዛሬም ከሌሊቱ አስር ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይገባል፤ መንገድ ላይ ፊቱን ውሃ እየረጨ ይነዳል።

«ጽዮን፣ አንድ ደቂቃ አለሽ» አሉ ክርክሩን የሚመሩት መምህር።

ተነሣች። ብትናገር እንደምታሸንፍ ታውቃለች። ግን አባቷ እዚህ የለም። በሌለበት ስሙን ማንሣት ሐሜት መሰላት።

«የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፣ መምሬ» አለች። «ሰሪዎቿ ግን ገና አላመኗትም። ስላላመኗትም ምን እንዳየች፣ የት እንደሳተች ሁልጊዜ ይመረምሯታል። እኛ ሹፌሩን አንዴ የማን ልጅ ነህ እንለዋለን። ከዚያ ወዲያ ምንም አንጠይቀውም።»

ማንም አላጨበጨበም። መምሬ ዘካርያስ ጢማቸውን ይዘው ትኩር ብለው አዩዋት። አስማረ አሸነፈ።

«ፋራ ነሽ እኮ» አለች የኔነሽ ወደ ቤት ሲሄዱ። «ደብረ ታቦርን እያየሽ ለቀቅሻት።»

«ለእነሱ አልናገርም።»

«ታዲያ ለማን ልትናገሪ ነው?»

ጽዮን እርምጃዋን አፈጠነች። ተናዳ ነበር፤ የተናደደችው ግን በአስማረ አልነበረም። ዓመት ሙሉ አፏን ይዛ መቀመጧ ነው ያንገበገባት።

አባቷ በክርክሩ ዕለት ማታ የገባው እሷ ከተኛች በኋላ ነው፤ ሲወጣም አልሰማችም። ስትነቃ ጫማዋን አጥልቃ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። መኪናው ለመሙላት ጥቂት ሰው ቀርቶታል። አባቷ ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰ ፊቱን ይታጠባል። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

በሩ ላይ ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ አሮጊት ቆመዋል። «እንዲያው ልጄ፣ ሹፌሩ የማን ልጅ ነው?» አሏት።

ይህን ጥያቄ በኩራት ስትመልስ ነው ያደገችው።

«የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ ነው፣ እማማ።»

«እሰይ፤ እንግዲያስ ልውጣ።»

«ትንሽ ይቆዩኝ» አለችና ክንዳቸውን ያዝ አደረገች። ከዚያ ወደ ጋቢናው ሄደች። አባቷ ታጥቦ ጨርሶ መሪው ላይ ተቀምጧል፤ ቁልፉን ሊያዞር ነው።

«አባዬ፣ ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ?»

«ምን አመጣሽ አንቺ በጧት? ግቢ ቤት።»

«ስንት ሰዓት ተኛህ?» ከመስኮቱ ንቅንቅ አላለችም። «ያን ቀን አጠገብህ ነበርኩ።»

ካሣሁን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሕፃን የያዘች እናት፣ እህል የጫኑ ገበሬዎች፣ ሁለት ተማሪዎች። ሁሉም ያለ ስጋት ተቀምጠዋል። እጁ ቁልፉ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ነቀለውና በመስኮቱ በኩል መዳፏ ላይ አኖረው።

«ሁለት ሰዓት ያህል ልተኛ» አለ ሳያያት። «ከዚያ ቀስቅሽኝ።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። ገሚሱ እየወረደ ጎን ወደቆመው መኪና ሄደ። ጽዮን ቁልፉን ጨብጣ መወጣጫው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ሆነ?» አሉ አሮጊቷ።

«እንቅልፍ አልጠገበም፣ እማማ።»

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡ። ዶሮዎቹን መሬት አስቀመጡና ወደ ጎረቤቱ መኪና ዞሩ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባ እየነፋ ነው።

«አንተሳ ልጄ፣» አሉት፣ «ስንት ሰዓት ተኛህ?»