አሥረኛዋ ብስኩት

ዶሮዋ ዛሬም ገመዷን ፈትታ ጆንያው ውስጥ ገብታለች። ፅዮን በነጠላ ጫማዋ መሬቱን ደበደበችና አስወጣቻት። ዶሮዋ ግን ምንም እንዳላጠፋች ሁሉ ግቢውን ዞራ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። ጉሮሮዋ ሥር ያለው ቋት በማሽላ ተወጥሯል።

ፅዮን ጆንያውን አዘንብላ አየችው። የቀረው ሁለት ጣሳ ቢሆን ነው። በሙቀጫ እየወቀጠች ጠዋትና ማታ ገንፎ ብታገነፋው ከነገ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ አንድ ጭብጥ ምስርና ስኳር ብቻ ነው ያላቸው።

ዳቦ ቤቱም ሱቁም ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ወታደሮቹ ሥልጣን ለሕዝብ እንዲያስረክቡ ብሎ የካርቱም ሰው ሥራ አቁሞ ቤቱ ተቀምጧል፤ ሱዳኖቹ ዒስያን ይሉታል። የሰፈራቸው የጀብራ መንገዶች በጡብና በዛፍ ግንድ ታጥረዋል። ኢንተርኔት ስለተቋረጠ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር እንኳን ማውራት አትችልም። አንዳንዴ በጠራራ ፀሐይ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ ይላል። ፅዮን ከግቢው ግንብ እስከ ግንቡ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለች። አሥራ አንድ ነው። ዶሮዋም ሳታውቀው አትቀርም።

ዶሮዋን የገዛት አባቷ ጌታሁን ነው፣ ለአራሷ ለእናቷ። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወደሚገኘው የብየዳ ሥራው በሄደ ማግስት ድልድዮቹ ተዘጉና እዚያው ቀረ። በየቀኑ ይደውላል። በየቀኑም «ነገ ኢንሻአላህ መጥቼ አርዳታለሁ» ይላል። የእናቷ የስንቅነሽ ወተት ግን ነገን የሚጠብቅ አልሆነም። ማሙሽ ከተወለደ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው፤ ጡቷን ይይዛል፣ ይስባል፣ ከዚያ ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ድረስ ያለቅሳል። ትናንት እናቷ ራሷ አብራው አለቀሰች። ፅዮን እናቷ ስታለቅስ ማየት አትችልም፣ ፈራች።

እና በዚህ ላይ ዶሮዋ ትበላለች።

ፅዮን የሳይንስ ደብተሯን አወጣች። ፈተናው መቼ እንደሚሆን የሚያውቅ የለም፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው፤ ያወጣችው ለአንድ ነገር ነው። መምህር ወልደሥላሴ ስለ ምግብ ሰንሰለት ባስተማሩ ቀን ከተማሪዎቹ አሥር ብስኩት ሰብስበው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ሣሩ ከፀሐይ ያገኘው ጉልበት ይሄ ነው» አሉና ዘጠኙን አንድ በአንድ በሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «የበላሁት ለመኖር ነው፤ ለመተንፈሴ። ለሚበላኝ የማስተላልፈው ይህችን ነው» ብለው አሥረኛዋን አነሱ። እሷንም «አሁን ደግሞ ሣሩን የበላሁ ሚዳቋ ነኝ፤ ይሄ ለሙቀቴና ለሩጫዬ» ብለው አሥር ቦታ ሰባብረው ዘጠኙን ፍርፋሪ ቃሙና የቀረችውን ቅንጣት ለፅዮን ሰጧት። «አንቺ አንበሳ ነሽ፣ ብዪ» አሏት። ያን ቀን በጣም ስቃ ነበር።

ዛሬ አላሳቃትም። ዶሮዋ በቀን ሁለት ጭብጥ ማሽላ ትበላለች፤ አብዛኛውን ለሩጫዋና ለሙቀቷ ታጠፋዋለች። ሥጋዋ ላይ የሚቀረው ኢምንት ነው። እነሱ እየተራቡ ለዶሮ ብስኩት እየመገቡ ነው ማለት ነው። ባይመግቧት ደግሞ ትከሳለች። ዛሬውኑ መታረድ አለባት።

የሚያርድ ወንድ ግን የለም። እናቷ ባደገችበት አገር ሴት ቢላ አንስታ ዶሮ አታርድም። የሙስሊም ሥጋ ደግሞ ክርስቲያን አይበላም፣ የክርስቲያኑንም ሙስሊሙ። የአገራቸው ልጅ ካሳሁን ሁለት ቅያስ አልፎ ይኖራል፤ ነገር ግን ሱቅ ዐረቢ ገበያ እንደሄደ አልተመለሰም። ፅዮን ትናንት እስከ በሩ ሮጣ ቁልፉን አይታለች። እናቷ ግን ከአራስ ቤት አልወጣችምና ይህን አታውቅም።

ሐሳቡ የመጣላት እዚህ ላይ ነው። ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የምትላት የጎረቤታቸው የዘሊካ ልጅ ኦመር በአንድ ደቂቃ ያርዳታል። እሷ ትገነጥላታለች፣ ትቀቅላታለች። «ካሳሁን ብቅ ብሎ አረደልኝ» ትላለች፤ አለቀ። እናቷ ትበላለች፣ ወተቷ ይመጣል፣ ማሙሽ ዝም ይላል። ውሸቱን ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ ተለማመደችው። በሦስተኛው ጊዜ እውነት መሰለ።

በሁለቱ ግቢዎች መካከል ባለው ግንብ ላይ ነፋጅ የሚሏት፣ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍባት ትንሽ በር አለች። ጎረቤት መንገድ ሳይዞር ክብሪትና ወሬ የሚቀባበልባት ናት። ፅዮን ዶሮዋን ብብቷ ውስጥ ወትፋ በዚያች ሾለከች።

ኻልቲ ዘሊካ ፍየሏን እያለበች ነበር። ፍየሏ ጎዳናውን ለማጠር የሰፈሩ ልጆች ከቆረጡት ዛፍ የተረፈውን የኒም ቅጠል ትቆረጥማለች። ኦመር ጉዳዩን ሲሰማ ሳቀ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የታጠረውን መንገድ ሲጠብቅ ዶሮ እንኳን አላለፈችበትም አለ። ቢላውን ግንቡ ላይ ሞረድ ሞረድ አደረገና ዶሮዋን ተቀብሎ ፊቷን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አዞረ።

ኻልቲ ዘሊካ እጇን ከፍየሏ ጡት ሳታነሳ ጠየቀች።

«እናትሽ ታውቃለች?»

ፅዮን አፏን ከፈተች። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ በዐረብኛ ደግሞ ይበልጥ አጭር ነው። ነገር ግን ኻልቲ ዘሊካ በየዒዱ ለእናቷ ሥጋ የሌለበትን ሳህን ለብቻ ከድና የምታስቀምጥ ሴት ናት። እናቷም በፋሲካ ለእሷ እንዲሁ ታደርጋለች። አሥር ዓመት ሙሉ አንዷም ተሳስታ አታውቅም።

«አታውቅም፣ ኻልቲ።»

«ታዲያ ማን አረዳት ልትያት ነው?»

«ካሳሁን።»

ኻልቲ ዘሊካ አልተቆጣችም፤ ማለቧን አቁማ አየቻት፣ ብትቆጣት ለፅዮን ይሻላት ነበር። ኦመር ቢላውን አስቀመጠና «ኸላስ፣ በቃ» አለ። ዶሮዋ እጁ ላይ ሆና ግራ ቀኝ ታያለች።

ፅዮን ማንንም ማየት ስላፈረች ፍየሏን አየች። ፍየሏ አንዱን ቅርንጫፍ ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች። ያንን ቅጠል ሰው አይበላውም፣ በጣም መራራ ነው። ዶሮዋ የምትበላው እነሱ የሚበሉትን ነው፤ ይቺ ግን ከማንም አትሻማም። ዘጠኙንም ብስኩት ብትጨርሰው የቅጠል ብስኩት ነው።

«ኻልቲ» አለች፣ «ዶሮዋን ለናንተ እረዷት። መንገዱ እስኪከፈት ለእናቴ ወተት ስጡኝ።»

ኻልቲ ዘሊካ ወተቱን ያለ ዶሮም እንደምትሰጣት፣ አራስ ጎረቤት እያላት እስካሁን አለመጠየቋም እንዳሳፈራት ተናገረች። ፅዮን ግን ራሷን ነቀነቀች። ዶሮዋ ወደነሱ ቤት ከተመለሰች ማሽላቸውን ትጨርሰዋለች። በዚያ ላይ ከዒድ ወዲህ በዚህኛው ግቢም የሥጋ ሽታ አልሸተተም። ኦመር እናቱን አየ። እናቱ ዶሮዋን አየች። ከዚያ ገና ለብ ያለውን ወተት በጣሳ ሞልታ ለፅዮን ሰጠቻት።

ፅዮን ወተቱን አፍልታ ወደ እናቷ ገባች። ስንቅነሽ አንዴ ፉት አለችና ፊቷን ቋጠር አደረገች።

«ይመራል።»

«ኒም ነው፣ እማ። የኻልቲ ዘሊካ ፍየል የበላችው። እስከዚህ ድረስ መጣ።»

ዶሮዋ የት እንደሄደች ነገረቻት። ስንቅነሽ ጣሳውን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ባሏ የገዛላት ዶሮ ናት። ከግንቡ ማዶ ሽንኩርት መቁላላት ጀምሯል፣ ሽታው እስከ አልጋው ድረስ ደረሰ። ስንቅነሽ ምራቋን ዋጠችና በመጨረሻ ሳቀች፤ ፅዮን ከሰኞ ጀምሮ ያንን ሳቅ አልሰማችም። ወተቱን እስከ ጣሳው ታች ጠጣችውና ማሙሽን ወደ ጡቷ አስጠጋችው። ማሙሽ ያዘ። ወተት ይመጣ እንደሆነ ነገ ነው የሚታወቀው፤ መንገዱም ገና ዝግ ነው።

«እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት አመጣሽው?» አለች እናቷ። «አባትሽ ሲደውል ነው የምነግረው። ልጅህ ቤቱን እንደ ትልቅ ሰው ይዛልሃለች እለዋለሁ።»

ፅዮን ዝም ብትል ያልቅ ነበር። ኻልቲ ዘሊካ እንደሆነች አትናገርም፣ ኦመርም አይናገርም። በመስኮቱ በኩል የዶሮዋ ገመድ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ይታያል። ባዶውን ጣሳ ከእናቷ እጅ ወሰደችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ከመደወሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «መጀመሪያ ስሄድ፣ እማ፣ የሄድኩት ለወተት አልነበረም።»

ስንቅነሽ ማሙሽን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዞረችውና ዓይኗን ፅዮን ላይ አድርጋ ጠበቀች።