ቀስቱ ባዶ ታንከር ውስጥ የለካው

መንፈስ፣ ጋኔን፣ ምናምን ሲባል የምቆጣ ሰው ነኝ፣ ልጆቼን «ያላያችሁትን አታውሩ» እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው፣ ሙያዬንም ያለ አስተማሪ ከመጽሐፍ ለቅሜ ስለተማርኩ በማይለካ ነገር አላምንም ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታምነኝ ብዬ አይደለም ወዳጄ፣ ያን ቀን ስለዋሸሁ ነው።

በደርግ ጊዜ ከጎፋ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አንድ የሳሙና ፋብሪካ የመለኪያ መሣሪያ ሠራተኛ ነበርኩ። የታንከርን ፈሳሽ በሬዲዮ ሞገድ የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎች ለሙከራ መጡና «አንዱን ምረጥ» ተባልኩ። ሁለቱም ታንከሩ ውስጥ የሚንጠለጠል ረጅም ዘንግ አላቸው፣ አንደኛው ግን ዘንጉ ላይ የተለጠፈውን ሳሙና ሁሉ እንደ ፈሳሽ ይቆጥረዋል፣ ሁለተኛው የተለጠፈውን ትቶ በእርግጥ ያለውን ብቻ ይናገራል። ሁለተኛውን ለመምረጥ ወስኜ ነበር።

በመጨረሻው የሙከራ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ታንከሩ ታጥቦ ባዶ ነበር። እኔ ታንከሩ አናት ላይ ነኝ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሙዘይን የየመሣሪያው ቀስት ቁጥር የሚያሳይባቸው ጌጆች ዘንድ ቆሞ ቁጥር ይጮህልኛል፣ መሀል ላይ «ሬዲዮ ከሆነ ዜና አያሰማም እንዴ?» እያለ ይቀልዳል።

«አንደኛው ዜሮ! ሁለተኛው… አሥር!»

የሁለተኛውን ዘንግ ወለወልኩ፣ ሽቦውን ፈትቼ አሰርኩ። «ዜሮ» አለ፣ ቆየና «አሥር»፣ ደግሞ «ዜሮ»። የሰው ገላም ውሃ ስላለበት ዘንጉን ሲይዙት ቀስቱ ይነሳል፣ እኔ በእጄ ስይዘው ልክ አሥር ነበር፣ እመነኝ፣ አንድ ሰው ወደ ዘንጉ እየቀረበ የሚርቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ከታች፣ ከታንከሩ ውስጥ፣ እርጥብ እግር ብረት ሲረግጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ባትሪ ይዤ በመሰላል ወረድኩ። ማንም የለም። ዘንጉን ያዝኩ።

«ሃያ!» አለ ሙዘይን፣ ቀልዱ ጠፍቶ። «አንተ፣ ከማን ጋር ነህ?»

ለቀቅኩት።

«አሥር።»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

የምርት ኃላፊው መጣ። «ጓድ፣ እዚህ ታንከር የሚገባው ሳሙና ማፍያ ጋኑ ውስጥ እየረጋ ነው፣ ምን አግኝተህ ነው የምታስቆመን?»

«ሁለተኛው መሣሪያ ሰው አለ ይላል።»

«በዓይንህ አየኸው?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ከረጋ አሻጥር ነው የሚባለው፣ የሚጻፈውም ያንተ ስም ነው።»

በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደነበር ታውቃለህ፣ አምስት ልጆች ነበሩኝ። «ባዶ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ትኩሱ ሳሙና ሲገባ ሁለቱም ቀስቶች መውጣት ጀመሩ፣ ሁለተኛው ግን እየተርገበገበ ሁልጊዜ በአሥር ይበልጥ ነበር፣ ሳሙናው የሰው ደረት ያህል ሲደርስ አሥሩ ጠፋ፣ እኩል ሆኑ።

በሪፖርቱ ላይ «ሁለተኛው አይታመንም፣ አንደኛው ይገዛ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅ ቢዋሸኝ የምገርፍ ሰው፣ ውሸታሙን መሣሪያ አስገዛሁ።

ሙዘይን ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም፣ ለሠራተኛ በየወሩ የሚታደለውን ሳሙና ግን ከዚያ ወዲያ አልወሰደም። እኔ ወሰድኩ፣ ከቀበሌ ሱቅ በወረፋም አይገኝም ነበር። ባለቤቴ ልጆቹን በእሱ ማጠብ ስትጀምር፣ ተነስቼ ደጅ እቆም ነበር።